የቤዝመንት ግድግዳሽ የሚረጥበው ከየት ነው?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ሌሎችም እንዲከታተሉት ባጭሩ ልድገመው። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ በ1953 የተሠራ ቤት ገዝታችኋል። ቤዝመንቱ፣ ማለትም ከመሬት በታች ያለው ክፍል፣ የብሎኬት ነው። ከወለሉ ከፍ ብሎ ባሉት ሁለት ሦስት ረድፎች ላይ ነጭ ዱቄት ወጥቷል፣ ቀለሙ ይላጣል፣ ሰመር ላይ ደግሞ የታፈነ ሽታ አለው። በአንደኛው ግድግዳ አጋማሽ ላይ ወደ ጎን የሚሄድ ቀጭን ስንጥቅ አይተሻል። አንድ ካምፓኒ መጥቶ "ይሄ ሻጋታ ነው፣ ወለሉን ዙሪያውን ሰብረን ከውስጥ ቦይ እንሠራለን፣ ፓምፕ እናስገባለን" ብሏችኋል። ዛሬውኑ ከፈረማችሁ ቅናሽ አለ ተብላችኋል። አንቺ ደግሞ እናትሽን ከአዲስ አበባ አምጥተሽ እዚያ ልታኖሪያቸው አስበሻል። አስም አለባቸው።

ዛሬ ምንም አትፈርሙ። ነጩ ነገር አንቺ እንደገለጽሽው ከሆነ ጨው ነው፣ ሻጋታ አይመስለኝም። ስንጥቁ ግን ከዱቄቱ በላይ ያሳስበኛል፣ ወደ እሱ እመለሳለሁ። ከሁሉ በፊት መታወቅ ያለበት ውሃው ከየት እንደሚመጣ ነው። እሱ ሳይታወቅ የሚወጣ ገንዘብ በግምት የሚወጣ ገንዘብ ነው፣ እኔ ደግሞ በዚህ ሥራ ላይ ሰዎች ለተሳሳተ ጥገና ብዙ ሲከፍሉ ማየት በጣም ያሳዝነኛል።

መጀመሪያ ብሎኬቱን እንየው። አዲስ አበባ ቤት ሲሠራ የምታይው ዓይነት ውስጡ ክፍት የሆነ ብሎኬት ነው፣ እዚህ የተለመደው መጠን 8 በ8 በ16 ኢንች ገደማ ነው። ሲደረደር ቀዳዳዎቹ አንዱ በሌላው ላይ ስለሚገጥሙ ግድግዳው ውስጥ ከላይ እስከ ታች የሚወርዱ ባዶ ጉድጓዶች ይፈጠራሉ። በዚያ ዘመን በተሠሩት ቤቶች አብዛኛውን ጊዜ ብረትም ኮንክሪትም አልተሞላባቸውም። ስለዚህ ውሃ ከውጭ በአንድ ቦታ፣ ለምሳሌ ከመስኮቱ ጥግ አጠገብ፣ ሰርጎ ቢገባ እዚያው ላይ ወደ ክፍሉ ላይወጣ ይችላል። በባዶው ውስጥ ወርዶ ታች ይጠራቀማል፣ በሲሚንቶው መጋጠሚያ በኩልም ወደ ጎን ይሄዳል፣ ከዚያ ከገባበት ብዙ ርቆ ታችኛው ረድፍ ላይ ብቅ ይላል። የብሎኬት ግድግዳ ሰውን የሚያሳስተው እዚህ ላይ ነው። እርጥበቱ የታየበት ቦታ ውሃው የገባበት ቦታ ነው ብለሽ አትደምድሚ።

በዚያ ዘመን የግድግዳውን ውጪ በሲሚንቶ ይለስኑና ሬንጅ ይቀቡት ነበር። ሬንጅ የአፈሩን እርጥበት ይቀንሳል፣ ግን ግድግዳው ሲሰነጠቅ አብሮ ይሰነጠቃል። ከ70 ዓመት በኋላ በእሱ ላይ ብዙ መተማመን አይቻልም።

አሁን ነጩ ዱቄት። ሲሚንቶው፣ አሸዋውና የውጪው አፈር ውስጥ በውሃ የሚሟሙ ጨዎች አሉ። ውሃ በብሎኬቱ ውስጥ ሲያልፍ ይዟቸው ይመጣል። ክፍሉ ጋ ሲደርስ ውሃው ይተናል፣ ጨው ግድግዳው ላይ ይቀራል። ዱቄቱ ራሱ ጤና አይጎዳም፣ ግን ውሃ በዚያ መንገድ እንዳለፈ ምስክር ነው። ከሻጋታ ለመለየት ትንሽ ውሃ እርጪበት። አብዛኛው ጨው ይሟሟና ይጠፋል፣ ሲደርቅ ተመልሶ ይመጣል። ሻጋታ በውሃ አይሟሟም። በጣትሽ ስታሺው ጨው እንደ ዱቄት ይፈረፈራል፣ ሻጋታ ግን ይለጠፋል ወይ ይዝለገለጋል። በውሃ የማይሟሟ ጠንካራ ነጭ ቅርፊት ካገኘሽ አንድ ጠብታ አቼቶ አድርጊበት፣ አረፋ ካወጣ የኖራ ዓይነት ነው፣ እሱም ከሲሚንቶው የወጣ ነው። ሌላው ምልክት የሚበቅልበት ቦታ ነው። ጨው የሚወጣው ከብሎኬት፣ ከሲሚንቶና ከወለል ነው። ሻጋታ ግን የሚበላው ነገር ይፈልጋል፦ እንጨት፣ ካርቶን፣ ወረቀት፣ ጨርቅ፣ አቧራ። ስለዚህ ነጭ ወይም አረንጓዴ ጸጉር የመሰለ ነገር ከላይ ባለው የወለል እንጨት ላይ ወይም ባስቀመጥሽው ካርቶን ጀርባ ካየሽ ያ ሻጋታ ነው ብለሽ ተነሺ። ሁለቱ አብረው ሊኖሩም ይችላሉ፣ ምክንያቱም ውሃው አንድ ነው።

ቀለሙ የሚላጠውም በዚሁ ጨው ነው። ውሃው ቀለሙን አልፎ መውጣት ሲያቅተው ጨው ከቀለሙ ጀርባ ይጠጥርና ይገፋዋል፣ መጀመሪያ ያብጣል፣ ከዚያ ይፈነዳል። ለብዙ ዓመት ከቆየ የብሎኬቱን ገጽ ራሱን እንደ ቅርፊት ያራግፈዋል። ካቻቪቴ አምጪና መጋጠሚያውን በቀስታ ወጋ ወጋ አድርጊው። ጠንካራ ከሆነ ጥሩ ነው። እንደ አሸዋ ከተናደ ወይም የብሎኬቱ ፊት በንብርብር ከተነሳ ውሃው ረጅም ጊዜ ሲመላለስ ኖሯል። ወለሉ ላይ ከግድግዳው ሥር አሸዋ የሚመስል ብናኝ ካለም ያው ነው።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ። ቤቱ ከ1978 በፊት የተሠራ ስለሆነ የድሮው ቀለም ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖረው ይችላል። በደረቁ አትፋቂው፣ አሸዋ ወረቀትም አታስነኪው፣ በተለይ ቤት ውስጥ ሕፃን ካለ። መጀመሪያ አስመርምሪው። ወለሉ ላይ 9 በ9 ኢንች የሆኑ የድሮ ታይሎች ካሉ ደግሞ አስቤስቶስ፣ ብናኙ ሳንባ የሚጎዳ ቃጫ፣ ሊኖርባቸው ይችላል። እርጥበት አንስቷቸው ብታገኚም ሳይመረመሩ እንዳትሰብሪያቸው፣ ካምፓኒውም ሳይመረመር እንዳይሰብራቸው።

ቀጣዩ ጥያቄ ግድግዳው ውሃ እያስገባ ነው ወይስ እያላበው? ሁለቱ ሲታዩ ይመሳሰላሉ፣ መፍትሔያቸው ግን የማይገናኝ ነው። መሬት ውስጥ ያለ ግድግዳ ሰመር ላይም ቀዝቃዛ ነው። 24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሞቀና 60 በመቶ እርጥበት ያለው አየር 16 ዲግሪ ገደማ የሆነ ገጽ ሲነካ ውሃ ይሆናል። የቤዝመንት ግድግዳ ሰኔ ላይ እዚያ ሊደርስ ይችላል። እኛ ደግሞ ቤት ሲታፈን መስኮት መክፈት ልማዳችን ነው። አዲስ አበባ በበጋ ይሄ ይሠራል፣ አየሩ ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ስለሆነ። በሜሪላንድ ሐምሌ ግን መስኮቱን ስትከፍቺ እርጥበቱን እያስገባሽ ነው፣ ግድግዳውም የባሰ ያልበዋል። በሞቃት ወራት ዝጊው፣ ዲሂዩሚዲፋየር፣ ማለትም የአየሩን እርጥበት የሚመጥ ማሽን፣ አስገቢ፣ ርካሽ የእርጥበት መለኪያም ግዢ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ፣ ኢፒኤ የሚባለው፣ የቤት ውስጥ እርጥበት ከ60 በመቶ በታች፣ ቢቻል ከ30 እስከ 50 በመቶ መካከል እንዲሆን ይመክራል።

ለመለየት ቀላሉ ዘዴ የፕላስቲክ ሙከራ ነው። 18 በ18 ኢንች የሚሆን፣ ማለትም ግማሽ ሜትር የማይሞላ፣ የሚያሳይ ፕላስቲክ ቁረጪ። ግድግዳው ላይ አራቱንም ጎን በጥሩ ቴፕ አሽጊው፣ አየር እንዳያስገባ። አንዱን ታች፣ አንዱን ደረትሽ ቁመት ላይ አድርጊ። ቀለሙ በተላጠበት ላይ አይያዝም፣ ጠንካራ ቦታ ፈልጊ። ቢያንስ 16 ሰዓት ይቆይ፣ እኔ ሁለት ቀን ብትተይው እመርጣለሁ። ከዚያ እይው። በፕላስቲኩ ፊት፣ ወደ ክፍሉ በኩል፣ ጠብታ ካለ ውሃው ከክፍሉ አየር ነው። ከፕላስቲኩ ጀርባ ጠብታ ካለ ወይም ብሎኬቱ ከጠቆረ ከግድግዳው ነው። ሁለቱም ከረጠቡ ሁለቱም ችግር አለብሽ፣ ይሄም ብርቅ አይደለም። ግን ዝናብ ጠፍቶ በሰነበተበት ሳምንት ሞክረሽ ደረቅ ብታገኚው ምንም አልተረጋገጠም። ጥሩ ዝናብ ከዘነበ በኋላ ድገሚው። በነገራችን ላይ አንዳንዱ ሰው የኤሌክትሪክ እርጥበት መለኪያ ግድግዳው ላይ ሰክቶ "ይኸው 100 አለ" ይልሻል። መርፌ ያለው መለኪያ የተሠራው ለእንጨት ነው፣ ብሎኬት ላይ ያለው ጨው ቁጥሩን ያንረዋል። በእሱ ብቻ አትደንግጪ።

ከዚህ በኋላ ከፍታውን አንብቢ። እርጥበቱ ወለሉና ግድግዳው በሚገናኙበት መስመር ላይ ብቻ ከሆነ ውሃው ከሥር እየገፋ ይሆናል። እንደ አንቺ ሁለት ሦስት ረድፍ ላይ እኩል ከተዘረጋ የብሎኬቱ ባዶ ክፍል ውስጥ ውሃ ቆሟል ብዬ እጠረጥራለሁ፣ ጨዉ የሚያልቅበት አግድም መስመር ውሃው እስከየት እንደሚደርስ ይነግርሻል። ከላይ ከመስኮት ጥግ ጀምሮ እንደ ምላስ የሚወርድ ጥቁረት ካለ ከመስኮቱ ነው። አንድ ማዕዘን ላይ ብቻ ከበዛ በዚያ ማዕዘን ውጪ ምን እንዳለ ወጥተሽ እዪ፣ ብዙ ጊዜ የአሸንዳ መውረጃ ቱቦ ታገኛለሽ። ብሎኬቱ ውስጥ ውሃ መኖሩን በእርግጥ ማወቅ ከፈለግሽ ሙያተኛ በታችኛው ረድፍ ላይ በቀጭን ድሪል እስከ ባዶው ድረስ ይብሳው። ውሃ ከፈሰሰ ተረጋገጠ። ቀዳዳው በኋላ በቀላሉ ይደፈናል።

ሰዓቱም ይናገራል። ደብተር ያዢ። ዝናብ በጀመረ በሰዓታት ውስጥ ከረጠበ ከጣራና ከግቢ የሚመጣ የገጽ ውሃ ነው። ዝናቡ ካቆመ አንድ ሁለት ቀን በኋላ መጥቶ ለቀናት ከቆየ አፈሩ ራሱ ውሃ ጠግቧል ወይም የከርሰ ምድር ውሃ ከፍ ብሏል። ዝናብ ኖረ አልኖረ የማይለወጥ ከሆነ ቧንቧ ጠርጥሪ፦ ማታ ሁሉንም ውሃ ዝጊና ቆጣሪውን እዪ፣ ከዞረ የሆነ ቦታ ይፈሳል። በሞቃት ወራት ብቻ ከሆነ ላቡ ነው።

ግድግዳውን ብቻ አትዪ። የውሃ ማሞቂያው እግር ዝጓል? ከታች ያለው የእንጨት ምሰሶ ጫፍ ጠቁሯል? ከብሎኬቱ አናት ላይ የተኛው ጣውላ በካቻቪቴ ሲወጋ ይገባል? እነዚህ እርጥበቱ የትናንት መሆን አለመሆኑን ያሳያሉ።

አሁን ወደ ስንጥቁ። የብሎኬት ግድግዳ ከላይ የሚመጣ ክብደት ይሸከማል፣ ከጎን የሚመጣ ግፊት ግን ይጎዳዋል፣ በተለይ ብረት ከሌለው። ሸክላማ አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ይከብዳል፣ በዊንተሩ ብርድ ደግሞ በረዶ ይሠራል፣ ግድግዳውን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ውጤቱ በግድግዳው አጋማሽ ወይም ከዚያ ከፍ ብሎ በመጋጠሚያው መስመር ወደ ጎን የሚሄድ ስንጥቅ ነው። እንደ ደረጃ እየወጣ በመጋጠሚያ የሚሄደው ስንጥቅ አብዛኛውን ጊዜ የመሠረት መስመጥን ያመለክታል፣ አንዳንዴም በማዕዘን አካባቢ የዚያው የጎን ግፊት ውጤት ነው። ወደ ጎን የሚሄደውን ግን "ያረጀ ቤት ነው" ብለሽ አትለፊው።

ቱንቢ ካለሽ ከላይ ካለው የወለል እንጨት ላይ አንጠልጥይውና ክሩ ከግድግዳው ያለውን ርቀት ከላይ፣ ስንጥቁ ጋ እና ከታች ለኪ። መሃል ላይ ርቀቱ ከጠበበ ግድግዳው ሆዱን ወደ ውስጥ ገፍቷል። በስንጥቁ ላይና ታች በእርሳስ ምልክት አድርጊ፣ ቀን ጻፊ፣ ስፋቱን መዝግቢ። 6 ሚሊ ሜትር ወይም ሩብ ኢንች ከደረሰ፣ ግድግዳው ከታጠፈ፣ ወይም የታችኛው ረድፍ ላይ ተንሸራትቶ ከወጣ፣ ስትራክቸራል ኢንጂነር፣ ማለትም የሕንፃ ጥንካሬ የሚመረምር መሐንዲስ፣ ጥሪ። ያንቺ ቀጭን ቢሆንም እኔ እጠራለሁ፣ ስንጥቁ ወደ ጎን ስለሆነ። ጥገና የሚሸጥ ሰው ሳይሆን ለምርመራውና ለሪፖርቱ ብቻ የሚከፈለው መሐንዲስ ይሁን።

የካምፓኒው ሐሳብ ላይ ያቆመኝም ይሄ ነው። የወለሉ ኮንክሪት የግድግዳውን እግር ከውስጥ ደግፎ የያዘ ነው። ግድግዳው እየተገፋ ሳለ ዙሪያውን ወለሉን በአንድ ጊዜ ሰብሮ መቆፈር ያንን ድጋፍ ማንሳት ነው። መሐንዲሱ ግድግዳውን ሳያይ ማንም ወለሉን እንዳይሰብር። ከውስጥ የሚሠራው ቦይና ፓምፕ መጥፎ ነገር አይደለም፣ የከርሰ ምድር ውሃ ላለበት ቤት ጥሩ መፍትሔ ነው። ግን ውሃው ብሎኬቱ ውስጥ እንዳይገባ አያደርግም፣ ከገባ በኋላ ሰብስቦ ያስወጣዋል እንጂ። የውጪውን አፈርም አያደርቀውም። "ውሃ የማያስገባ ቀለም" የሚባለውን ከውስጥ መቀባት ደግሞ ጨዉን ከጀርባው ማጠራቀም ነው፣ ያው እንደገና ይላጣል።

ከሁሉ በፊት የሚሠራው ርካሹ ሥራ ውጪ ነው። 1,000 ስኩዌር ፊት ጣራ ላይ 1 ኢንች ዝናብ ሲዘንብ 620 ጋሎን ገደማ ይሆናል፣ ከ2,300 ሊትር በላይ። አሸንዳው ከተደፈነ ወይም መውረጃ ቱቦው ግድግዳው ሥር ካበቃ ያ ሁሉ ውሃ ብሎኬትሽ አጠገብ ይፈሳል። አሸንዳውን አስጠርጊ፣ ቱቦውን ቢያንስ 6 ፊት ያህል አርቂው። የግቢው አፈር ከቤቱ ወደ ውጪ መውረድ አለበት፣ የግንባታ ኮዱ በመጀመሪያው 10 ፊት ውስጥ 6 ኢንች መውረድ ይጠይቃል። ከጊዜ ብዛት ግድግዳው ሥር ያለው አፈር ይሰምጥና ውሃው ወደ ቤቱ ይመለሳል፣ የመኪና መግቢያው ኮንክሪትም እንዲሁ ሊያጋድል ይችላል። በዝናብ ሰዓት ጃንጥላ ይዘሽ ውጪና ውሃው የት እንደሚሄድ በዓይንሽ እዪ። ለብዙ ቤቶች ይሄ ብቻ ትልቅ ለውጥ ያመጣል።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ስትገዙ ታችኛው ክፍል ብቻ አዲስ ቀለም ተቀብቶ ነበር? ሜሪላንድ ውስጥ ሻጭ የቤቱን ሁኔታ የሚገልጽ ቅጽ ወይም "ኃላፊነት አልወስድም" የሚል ቅጽ ይሰጣል፣ ሁለተኛውን ቢመርጥም የሚያውቀውን ስውር ጉድለት መናገር ግዴታው ነው። ወረቀቶቹን አውጥተሽ አንብቢ፣ የሚያጠራጥር ነገር ካለ ጠበቃ አማክሪ። የቤት ኢንሹራንስ ግን ከአፈር እየሰረገ ለሚገባ ውሃ በተለምዶ አይከፍልም፣ በእሱ ተስፋ አታድርጊ።

ስለ እናትሽ። እርጥበትና ሻጋታ አስምን ያባብሳሉ፣ በዚህ ላይ ሐኪሞች አይከራከሩም። ስለዚህ አሸንዳውና አፈሩ ተስተካክሎ፣ መሐንዲሱ አይቶ፣ አንድ ሙሉ ዝናባማ ጊዜ በደረቅ ግድግዳ ሳያልፍ እዚያ ባያድሩ ነው የምመርጠው። ለጊዜው ላይኛው ፎቅ ላይ ይጣበቡ፣ ይቻላል። ከዚያ በፊት ድራይዎል፣ ማለትም በወረቀት የተለበጠ የጂብሰም ሰሌዳ፣ አታስገጥሚ፣ ምንጣፍም አታንጥፊ። ድራይዎል ከተገጠመ ይሄን ሁሉ ምልክት ይሸፍነዋል፣ ከጀርባው ያለው ወረቀትም ሻጋታው የሚፈልገው ምግብ ነው። ሰው የሚተኛበት ክፍል ስለሚሆን በእሳት ጊዜ የሚወጡበት በቂ መስኮት መኖሩንም ካውንቲው ጋ ጠይቂ። ሬዶን የሚባለውም ከአፈር የሚወጣ ራዲዮአክቲቭ ጋዝ በብሎኬቱ ባዶ በኩል ሊገባ ስለሚችል መለኪያ ኪት ግዢ፣ 4 ፒኮኪዩሪ በሊትርና ከዚያ በላይ ካሳየ ኢፒኤ እንዲስተካከል ይመክራል።

የፕላስቲኩን ውጤት፣ የዝናቡን ቀናትና የቱንቢውን ሦስት ቁጥሮች ጻፊልኝ። የስንጥቁን ፎቶ ስታነሺ አጠገቡ ሳንቲም አድርጊ፣ የግድግዳውንም ውጪ ከነአሸንዳው አንሺው። እነሱን ካየሁ በኋላ መሐንዲሱን ምን ምን መጠየቅ እንዳለብሽ እነግርሻለሁ።